መጀመሪያ ፒስተኑ ይምጣ

ከነፋስ መውጫ የመጣ የላንድ ክሩዘር ሾፌር ሞተሩ ገና ሳይወርድ «ወንድሜ፣ ትንሽ ጉልበት ጨምርልኝ» ይለኛል። አይፈረድበትም። ከተማዋ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው የላንድ ክሩዘሩ ዋን ኤችዜድ ሞተር አየር ሲያንሰው አቅሙም አብሮ ይወርዳል።

የተለመደው መፍትሔ የናፍጣ ፖምፓውን መክፈት ነው። እኔ አልስማማበትም። አየር ሳይጨመር ናፍጣ ቢጨመር ጥቁር ጭስ ይበዛል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ ትርፉ ናፍጣም የሲሊንደሩን ዘይት ያጥበዋል። የስማዳ መንገድ አቧራ ሲታከልበት የፒስተኑ ፋሻ ብዙ አይቆይም። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው፤ እመቃው በፋሻው ዳር ካመለጠ፣ በጉና ተራራ ውርጭ ጠዋት ማን ያስነሳዋል?

ጉልበቱን የምመልሰው ሲሊንደሩ ላይ ነው። ያረጀ ሲሊንደር በይበልጥ የሚበላው ከላይ፣ የመጀመሪያው ፋሻ በሚመለስበት ቦታ ነው፤ ክብነቱንም ያጣል። ስለዚህ ላይ፣ መካከልና ታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ እለካዋለሁ። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋት 94 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲሰፋ 94.50 ይሆናል። ቀድሞ ሞኖብሎኩን ሌላ ቤት ልከን እናሰፋ ነበር፤ ፒስተኑ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ቢሆንም ፒስተኖቹ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ በፒስተኑና በግድግዳው መካከል የሚፈቀደው ክፍተትም የሚቆጠረው በዚያው በመቶኛ ነው። የማስፊያው ማሽን እኛው ቤት ከገባ ወዲህ መጀመሪያ ፒስተኑ ይምጣ እላለሁ። ስድስቱንም በማይክሮሜትር ለክቼ ልኩን አናታቸው ላይ እጽፋለሁ፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሰፋው በራሱ ፒስተን ልክ ነው። የሚያሰፋውና የሚገጥመው አንድ ሰው ሲሆን ልኩ በወሬ አይተላለፍም።

የመጨረሻዋን መቶኛ ለሆኒንግ፣ በድንጋይ ለሚደረገው ማለስለስ፣ እተዋለሁ። ቴስታታ፣ የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ሲታሰር ሲሊንደሩን በጥቂቱ ስለሚያጣምመው፣ በቴስታታው ቦታ ወፍራም የብረት ሳህን በዚያው ጥብቀት አስሬ ነው ሆኒንግ የምሠራው። ድንጋዩ እየዞረ ሲወጣና ሲወርድ ግድግዳው ላይ የተጠላለፈ ጭረት ይተዋል፤ ዘይት የሚይዘው ያ ጭረት ነው። ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ቤንዚን የሆኒንጉን ዱቄት ከጭረቱ ውስጥ አያወጣውም። ነጭ ጨርቅ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አጥቦ ማድረቅ፣ ወዲያው ዘይት መቀባት።

እስቴና ስማዳ የሚሠሩ የግብርና ባለሙያዎች ሞተር ሳይክል ሌላ ነው። የያማሃ ኤጂ 200 ሲሊንደር 67 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ከቆላ በአንደኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ነፋስ የለውም። ለእነሱ ከሚፈቀደው ክፍተት ሰፊውን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ቢንኳኳም ከሚነክስ ይሻላል።

የታደሰ ሞተር ቆሞ ረጅም ሰዓት እንዲሠራ አልፈቅድም፤ ፋሻው ግድግዳውን የሚለምደው ጭነት ሲያገኝ ነው። ሾፌሩ በቀላል ጭነት የጋሳይን ዳገት ይውጣ፣ ሞተሩን ሳያስጮኽ። በ1000 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ይቀይር። የአየር ማጣሪያውንም በኮምፕሬሰር እየነፋ መልሶ አይግጠም፤ አዲስ ይግዛ።