የታንኩ ሆድ ዕቃ

በደቡብ እንግሊዝ ቦቪንግተን የሚገኘው የታንክ ሙዚየም ታይገር 131 የተባለውን የጀርመን ታንክ ይዟል። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1943 እ.ኤ.አ. ቱኒዚያ ውስጥ ማረከው። ንጉሥ ጆርጅ 6ኛና ቸርችል እዚያው ቱኒዚያ ሳለ ተመለከቱት። በዚያው ዓመት መጸው ወደ እንግሊዝ ተጫነ፤ መሐንዲሶችም እያንዳንዱን ክፍል ፈታትተው መረመሩት። ከ1951 ጀምሮ በሙዚየሙ እጅ ነው። በ1/35 መጠን የታይገር ሞዴል የሚሠራ ሰው የውስጡን ነገር ለማወቅ ወደዚህ ታንክ ቢሄድ፣ ክዳኑን ከፍቶ ቢያይና ያየውን ቢገለብጥ ሥራው ያለቀለት ይመስላል።

ችግሩ ከሞተሩ ይጀምራል። ታንኩ ሲማረክ የነበረው ማይባክ ኤች ኤል 210 ለትምህርት ማሳያ ተብሎ ተቆርጦ ነበር። ከ1990 ወዲህ ታንኩ እንዲነዳ ተደርጎ ሲጠገን፣ ሙዚየሙ ከያዘው ታይገር 2 የወጣ ኤች ኤል 230 ገባለት። ሁለቱ ሞተሮች ከአንድ ፋብሪካ ይውጡ እንጂ አንድ አይደሉም። የፊተኛው 21 ሊትር፣ አካሉ አልሙኒየም ነው፤ የኋለኛው 23 ሊትር፣ አካሉ ብረት ነው። 250 ያህሉ የመጀመሪያዎቹ ታይገሮች የወጡት በኤች ኤል 210 ሲሆን 131 ደግሞ ከነዚህ ውስጥ በተራ ቁጥሩ 122ኛው ነው። ስለዚህ የቱኒዚያውን ታይገር የሞተር ክዳኑን ከፍቶ ሊያሳይ የተነሣ ሞዴል ሠሪ፣ ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ የተነሣውን ፎቶ አምኖ ቢሠራ፣ ታንኩ በጦርነቱ ጊዜ ፈጽሞ ያልነበረውን ሞተር ይሠራል።

የውስጥ ዝርዝር ጥናት እንግዲህ «ታይገር ውስጡ ምን ይመስላል?» በሚል ጥያቄ ሊጀመር አይችልም። የትኛው ታይገር? በየትኛው ወር? ከየትኛው ጦር ጋር? እነዚህ ካልተቆረጡ የሚሰበሰበው ፎቶ ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። ከሐምሌ 1943 በፊት የወጣ ታይገር የአዛዡ ማማ እንደ ከበሮ ቀጥ ያለና ቀጭን የማያ ስንጥቆች ያሉት ሲሆን ከዚያ በኋላ የወጣው ግን በዙሪያው ፔሪስኮፖች ተተክለውለታል። የተኳሹ መነጽር በፊት ለሁለት ዓይን ነበር፤ በ1944 ወደ አንድ ዓይን ተለወጠ። ተራው ታንክ 92 የመድፍ ጥይት ይይዛል፤ የአዛዦች ታንክ ግን ተጨማሪ ሬዲዮ ስለሚጫንበት የጥይቱ ቦታ ይቀንሳል። ከሦስት ልዩ ልዩ ታንኮች የተለቀመ «የታይገር ውስጥ» ቢያምርም የማንም ታንክ አይደለም።

ይህ ጥንቃቄ ሞዴል ሠሪዎች ለራሳቸው የፈጠሩት ጭንቀት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን የ131 መማረክ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሚያዝያ 21 ቀን ጀበል ጃፋ በተባለ ቦታ ሆነ ተብሎ ሲጻፍ ኖረ። ቆይቶ በተደረገ ጥናት ግን ቦታው ጉሪያት ኤል አታሽ፣ ቀኑም ሚያዝያ 24 መሆኑ ታወቀ። እንዲህ የታወቀ ታንክ፣ በሙዚየም መካከል ቆሞ ሳለ፣ የተማረከበት ኮረብታ ከ70 ዓመት በላይ በስሕተት ሲነገር ከቆየ፣ ከመቀመጫው ሥር ስላለው ሣጥን የሚነገረውማ በደንብ መጣራት አለበት።

ከምንጮች ሁሉ አስተማማኙ በጊዜው የተጻፈ የሥራ ሰነድ ነው። ስለ ታይገር የእንግሊዝ የታንክ ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት መሐንዲሶች በጦርነቱ ዓመታት ያዘጋጁት ዘገባ አለ፤ በ1986 በዴቪድ ፍሌቸር አዘጋጅነት በመጽሐፍ መልክ ታትሟል። እነዚያ ሰዎች ታንኩን የፈቱት ድክመቱን ለማግኘት ስለነበር አይተው ያለፉት ነገር ጥቂት ነው። በጀርመን በኩል ደግሞ በ1943 ለሠራተኞቹ የታተመው ታይገርፊበል አለ። ወጣት ወታደሮች እንዲያነቡት በግጥምና በካርቱን የተሞላ ነው። ስለ ብሎን መጠን የሚነግረን የለውም፤ አምስቱ ሰዎች እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ግን ያሳያል። ሹፌሩ በግራ ከመሪው ኋላ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተሩ በቀኝ፣ በመካከላቸው ካምቢዮው፣ ከካምቢዮው በላይ የሬዲዮው መደርደሪያ። ተኳሹ ከላይ በግራ፣ አዛዡ ከጀርባው፣ አጉራሹ በቀኝ። ማን የት እንደሚቀመጥና እጁ ምን ላይ እንደሚያርፍ የተረዳ ሞዴል ሠሪ፣ ቀለሙ የት ተልጦ ብረቱ መታየት እንዳለበት ሳይነገረው ያውቃል።

ቀለም ሌላው ወጥመድ ነው። የጀርመን ታንኮች ከውስጥ ላይኛው ክፍላቸው የዝሆን ጥርስ በሚመስል ክሬም፣ ታችኛው ወለል ደግሞ በቀይ አንቲረስት ይቀባ ነበር። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ግን የጥቁርና ነጭ ፎቶ በቀላሉ አይናገርም። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው አንዱ የፊልም ዓይነት፣ ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው፣ ቀይን ስለማያይ ቀዩን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል። ያንን አይቶ ጥቁር ግራጫ የሚቀባ ብዙ ነው። በአሜሪካው ሸርማንም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። ውስጡ ነጭ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ የክዳኑ የውስጥ ገጽ ግን የውጩን አረንጓዴ ይይዛል። ክዳን ሲከፈት ነጩ ለጠላት ከሩቅ እንዳይታይ ማለት ነው። ምክንያቱን የያዘ ሰው ፎቶ ባያገኝም ቀለሙን አይስትም።

ሸርማን ከተነሣ የጥይቱ ነገር አይታለፍም። ከ49,000 በላይ ተሠርቷል። በመጀመሪያዎቹ ሸርማኖች ጥይቱ በብዛት የሚደረደረው ከሰንሰለቱ በላይ ባሉት የጎን ክፍሎች ነበር። እዚያ ሲመታ ታንኩ በእሳት ይያያዛል። ከ1944 መጀመሪያ አንሥቶ አዳዲሶቹ ላይ ጥይቱ ወደ ወለል ወርዶ በፈሳሽ በተከበበ መደርደሪያ ተቀመጠ። የጎን መደርደሪያውንና በፈሳሽ የተከበበውን የወለል መደርደሪያ በአንድ ሞዴል ውስጥ አጣምሮ መሥራት የብዙ ሰው ሕይወት የተከፈለበትን ለውጥ መሰረዝ ነው። ለዚህ ጸሐፊ የሥራው ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የመደርደሪያው ቦታ እዚያ ውስጥ የነበሩት ልጆች ዕጣ ነበረ።

በልኬት በኩል አንድ ምክር ይበቃል። ጠባብ ቦታ ውስጥ የሚነሣ ፎቶ በሰፊ ሌንስ ስለሚነሣ የቀረበውን ያገዝፋል፣ የራቀውን ያሳንሳል። ፎቶን በማስመሪያ መለካት ያሳስታል። ልኩ የታወቀ ነገር ግን ፎቶው ውስጥ ይፈለግ። የታይገር የመድፍ ቀለህ 571 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሞዴሉ ላይ 16 ሚሊ ሜትር ከጥቂት ይሆናል። ከአጠገቡ፣ በዚያው ርቀት ላይ የቆመ ሣጥን ቁመቱ በዚህ ይገመታል። 

ክዳኑ ሲዘጋ ይህ ሁሉ አይታይም፤ ታዲያ ለምን ይደከማል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ጃፓናዊው ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያ ታንኮቹን ሲያወጣ 1/35ን የመረጠው ባትሪና ትንሽ ሞተር ሆዱ ውስጥ እንዲገቡለት ነበር፤ ስለ ወንበርና ሬዲዮ ያሰበ አልነበረም። ያም ሆኖ የኩባንያው መሪ የነበረው ሹንሳኩ ታሚያ አሜሪካ አበርዲን ድረስ ሄዶ ታንኮችን ፎቶ ያነሣ፣ ቆይቶም ፖርሽ 911 ገዝቶ ሞዴሉን በትክክል ለመሥራት የፈታታ ሰው ነበር። መልሱ ይህ ነው፤ የማይታየው የሚታየውን ይወስናል። በሶቪየቱ ቲ-34 ውስጥ ከማማው ጋር የሚዞር ወለል የለም፤ ሰዎቹ የሚረግጡት ታች የተደረደሩትን የጥይት ሣጥኖች ነው። የወለሉን ከፍታ ያላወቀ ሞዴል ሠሪ ከክዳኑ ብቅ የሚለውን አዛዥ ወይ እስከ ጉልበቱ ያወጣዋል፣ ወይ እስከ አገጩ ያሰምጠዋል።

የእኛ ታሪክም በዚህ ውስጥ አለ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የልዑል ራስ እምሩ ጦር የገጠማቸው የጣሊያን ትንንሽ ታንኮች ቁመታቸው 1 ሜትር ከ30 ያህል፣ ክብደታቸው ከ3 ቶን ብዙም የማይዘል ነበሩ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተጣበው ይቀመጣሉ፤ ሞተሩ ከጀርባቸው፣ ካምቢዮው ከፊታቸው ነው። የሚዞር ማማ ስለሌላቸው መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ ያያል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄደው በጥቂቱ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ተኳሹ ከጎኑ የመጣውን ሰው በደንብ ሊያየው፣ በመትረየሱም ሊመታው አይችልም። የኢትዮጵያ ተዋጊዎች ከጎንና ከኋላ ተጠግተው እነዚህን ታንኮች እንዴት እንዳሸነፏቸው የሚተርክ ብዙ ተጽፏል። የታንኩን ውስጥ በልኩ የሠራ ሰው ግን ጀግንነቱ ምን ያህል አስተዋይነት እንደነበረበት በዓይኑ ያያል፤ የብረቱን ዕውር ጎን አግኝተውት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ታንከኞች በአሜሪካው ኤም-41 እና በሶቪየቱ ቲ-55 አገልግለዋል። መመሪያ መጽሐፎቹ ይገኛሉ፣ ታንኮቹም በውጭ ሙዚየሞች ቆመዋል። ውኃው የት ይሰቀል እንደነበር፣ ብርድ ልብሱ የት ይታጠፍ እንደነበር፣ ሹፌሩ ከፊቱ ምን ፎቶ ወይም ሥዕል ይለጥፍ እንደነበር ግን የሚያውቁት እዚያ ውስጥ የተቀመጡት ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያላችሁ አንባቢዎች ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ የታንኩን ዓይነት፣ የክፍሉን ስምና ዓመቱን ጨምራችሁ ጻፉት፤ ፎቶ ካላቸውም ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ጭምር ገልብጡ።