ሁለት እጆች በአንድ ወረቀት ላይ

በአሮጌ ዕቃ መሸጫ ጥግ ወይም በሐራጅ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ፊርማ የሌለው የውሃ ቀለም ሥዕል ያገኘ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያሳያል?» ብሎ ሳይሆን «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የተገባ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው መልሱ የግድ አንድ ስም፣ ያውም ታላቅ ስም መሆን አለበት ብሎ ከመነሣት ነው። ይህ አስተሳሰብ በአንድ የጥበብ ሰው ላይ ምን ያህል በደል ሊያደርስ እንደሚችል፣ በእንግሊዝ ከዶክተር ቶማስ መንሮ ቤት ወጥተው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የኖሩት የውሃ ቀለም ሥዕሎች ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

መንሮ በለንደን የቤትለም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሐኪምና ሥዕል ሰብሳቢ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1794 ገደማ ጀምሮ ለሦስት ዓመታት ያህል፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በአዴልፊ በሚገኘው ቤቱ ሁለት ወጣቶችን ምሽት ምሽት ያሠራ ነበር። ሁለቱም በ1775 የተወለዱ ናቸው፤ አንደኛው ጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነር፣ ሁለተኛው ቶማስ ገርቲን። ሥራቸው በአብዛኛው የጆን ሮበርት ኮዘንስን ያላለቁ ንድፎች እየገለበጡ የተሟላ ሥዕል ማውጣት ነበር። ኮዘንስ የአልፕስን ተራሮችና የኢጣሊያን መልክዐ ምድር ተዘዋውሮ የሣለ ሠዓሊ ሲሆን፣ በ1794 አእምሮው ታውኮ በዚሁ በመንሮ ጥበቃ ሥር ነበር፤ በ1797 ሞተ። እንግዲህ ሁለቱ ወጣቶች በዓይናቸው ያላዩትን ተራራ፣ ከታመመ ሰው ንድፍ ላይ፣ በመብራት እየሠሩ ነበር ማለት ነው።

የሥራው ክፍፍል እንዴት እንደነበረ የታወቀው ሠዓሊው ጆሴፍ ፋሪንግተን ከሁለቱ አንደበት የሰማውን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1798 በዕለት ማስታወሻው ስላሰፈረው ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገብተው እስከ አራት ሰዓት ይቆያሉ። ገርቲን የቅርጹን መስመር በእርሳስ ይነድፋል፤ ተርነር በቀጭን ቀለም ብርሃንና ጥላውን ያለብሰዋል። ለተርነር በምሽት 3 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይከፈለው እንደነበር ተጽፏል። የገርቲን ክፍያ ግን አልተጻፈም፤ ራሱም ለፋሪንግተን አልነገረውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስቆጭ ነው። ገርቲን በ1802 ገና በ27 ዓመቱ ሞተ። መንሮ በ1833 ሲሞት ስብስቡ በክሪስቲ ሐራጅ ቤት ተሸጠ። ተርነር በዚያን ጊዜ ስሙ የገነነ የሮያል አካዳሚ አባል ነበር፤ ሥዕሎቹም የቀረቡት በእርሱ ስም ነበር። ራሱ ተርነርም ሐራጁ ላይ ከእነዚሁ የወጣትነት ሥራዎች ብዙዎቹን ገዛ። የሞተው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ራሱ ሊናገር አልቻለም፤ ሕያው የሆነው ስም ደግሞ ዋጋ ያወጣ ነበር። ከሐራጁ ወደ ሌላ እጅ የገቡት ወረቀቶች ይህንኑ ስም ይዘው ከቤት ወደ ቤት፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ተላለፉ። ከክፈፉ ጀርባ የሚጻፍ ስም ብዙውን ጊዜ የሻጩን ምኞት እንጂ የሠዓሊውን እጅ አይመሰክርም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥዕል የሚመረምር ሰው ጀርባውን ከማንበቡ በፊት ፊቱን ማንበብ ይኖርበታል። ለዚህም ከዘይት ቀለም ይልቅ የውሃ ቀለም ይመቻል። የዘይት ቀለም ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል፤ የውሃ ቀለም ግን አሳልፎ ስለሚያሳይ እርሳሱ ከቀለሙ በታች እንዳለ ይታያል። በመንሮ ቤት ሥዕሎችም የገርቲን እጅ እዚያ ነው ያለው። መስመሩ ወጥ ሆኖ አይጓዝም፤ ይቆረጣል፣ በአጫጭር ጭረትና በነጠብጣብ ይቀጥላል፣ የድንጋዩንና የቅጠሉን ጠባይ በጥቂት ምት ይይዛል። በላዩ ላይ ያለው ሰማያዊና ግራጫ ቀለም ደግሞ በሌላ አእምሮ የሚመራ ነው። ነገሮችን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ሸለቆውን በጉም ሞልቶ፣ ለብርሃኑ የወረቀቱን ንጣት ትቶ፣ ሩቁን ከቅርቡ ይለያል።

እርግጥ ነው፣ እጅን ከእጅ ለማነጻጸር በመጀመሪያ ጥርጥር የሌለበት አንድ መነሻ ያስፈልጋል። በአገራችን የ15ኛው መቶ ዓመት ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የታወቀው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ስለተገኘ ነው፤ ስም ያልተጻፈባቸው ሌሎች ሥዕሎች ከርሱ እጅ ጋር የሚነጻጸሩት ከዚያ ተነሥተው ነው። ለገርቲንም ሆነ ለተርነር በስማቸው የታወቁ ሌሎች ሥራዎቻቸው ይህንኑ መነሻ ይሰጣሉ።

ወረቀቱም ምስክር ነው፤ ግን እስከ ልኩ። በ1794 በወጣው የእንግሊዝ ሕግ ምክንያት ወረቀት ሠሪዎች ዓመተ ምሕረቱን በወረቀቱ ውስጥ፣ ወደ ብርሃን ሲያዝ ብቻ እንዲታይ አድርገው ያስገቡ ጀመር። እንዲህ ያለው ቍጥር ሥዕሉ ከዚያ ዓመት በፊት አለመሠራቱን ያረጋግጣል። መቼና በማን እንደተሠራ ግን አይናገርም፤ ወረቀት ተገዝቶ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላልና። በዚያው ቤት ዘግየት ብሎ ጆን ቫርሊና ጆን ሴል ኮትማንን የመሳሰሉ ሌሎች ወጣቶችም ስለሠሩ፣ ከመንሮ ቤት የወጣ ሁሉ የሁለቱ ነው ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ይሆናል።

የተርነር ሥራዎች የሚገኙበት የለንደኑ የቴት ሙዚየም ዛሬ ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹን በተርነርና በገርቲን ስም፣ ከኮዘንስ የተቀዳ ብሎ ይመዘግባል። ሦስት ስም ለአንድ ትንሽ ወረቀት! ሥዕሉን ሥዕል የሚያሰኘው ብርሃኑ ስለሆነ የተርነር ብቻ ቢባል ምን ይጎድላል የሚል ይኖራል። ቲያትር ያዘጋጀ ሰው በዚህ ክርክር አይረታም። መድረኩን ያሳመረው መብራት መሆኑ ታውቆ የደራሲው ስም ከማስታወቂያው ላይ አይፋቅም። ተርነር ጉሙን የት እንደሚያሳርፍ ያወቀው ገርቲን የተራራውን ትከሻ አስቀድሞ ስላስቀመጠለት ነው፤ ገርቲንም መስመሩን እየቆራረጠ ሊተው የቻለው የቀረውን ቀለም እንደሚሞላው ስላወቀ ይመስላል። ከእነዚህ ሥዕሎች የተዋጣላቸው፣ አንደኛው ለሌላው ቦታ የለቀቀባቸው ናቸው።

የመዝገቡ ቅደም ተከተል ግን አሁንም ያነጋግራል። ንድፉን ያፈለቀው ኮዘንስ መጨረሻ፣ መስመሩን የጣለው ገርቲን መካከል፣ ቀለሙን ያለበሰው ተርነር መጀመሪያ ነው። የሥራው ቅደም ተከተል የዚህ ግልባጭ ነበር።

እንዲህ ያለ ሥዕል በእጁ የገባ ሰው ከማጽዳቱና ክፈፉን ከመለወጡ በፊት አንድ ነገር ቢያስተውል ይጠቀማል። በዚያ ዘመን ብዙ የተሠራበት ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ብርሃን አይችልም። ከቀይ ጋር ተቀላቅሎ ግራጫ የሆነ እንደሆነ ሰማያዊው እየጠፋ ሄዶ ሰማዩ ወደ ቀይነት ያደላል፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ ሠዓሊው ያላሰበውን የማታ ጀምበር ያደንቃል። እርሳስ ግን በብርሃን አይለቅም። እንዲህ ባለ ቀለም ተሠርቶ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ብዙ ዓመት በተሰቀለ የመንሮ ቤት ሥዕል ላይ በየዓመቱ እየሳሳ የሚሄደው የተርነር ድርሻ ነው፤ የገርቲን ጭረትና ነጠብጣብ ከሥሩ ይበልጥ ይታያል።