ከምርኮ በፊት የነበረ ድምፅ፦ የባላንጊጋ ቁምስና እና ሦስቱ ደወሎቹ

በፊሊፒንስ፣ በሳማር ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ ባለችው ባላንጊጋ፣ የቅዱስ ሎሬንዞ ሰማዕት ቤተ ክርስቲያን ሦስት ደወሎች አሏት። ገላቸው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ስለ ጦርነት አንዲት ቃል አይናገርም። የፍራንቸስካውያን ማኅበር ዓርማ አለበት፤ በየዘመኑ ያገለገሉ ቆሞሳት ስም አለበት፤ በትንሹ ደወል ላይ ደግሞ በቆሞስ በርናርዶ አፓሪሲዮ ጊዜ ቀልጦ እንደገና መሠራቱ ሰፍሯል። ሦስቱም በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ በተለያየ ጊዜ፣ አንድ የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች ምእመን እንዲጸልይባቸው የተሠሩ ናቸው። ስለ እነርሱ የተጻፈው ግን አብዛኛው ከአንድ ጠዋት ይነሣል። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1901 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የከተማዋ ሰዎች ቁርስ ላይ በነበሩ አሜሪካውያን ወታደሮች ላይ ገጀራ ይዘው ተነሡ፤ ደወልም ተደወለ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካውያን ማርከው የወሰዷቸው ደወሎች በአንድ ወገን የክህደት ምልክት፣ በሌላው የአርበኝነት መለከት ሆነው ኖሩ።

ሁለቱም አነባበቦች አንድ ጉድለት ይጋራሉ። ደወሉን ከቤተ ክርስቲያኑ ነጥለው ያዩታል። እኔ እዚህ የምሟገተው የባላንጊጋን ታሪክ ከቁምስናው ወደ ጦርነቱ እንጂ ከጦርነቱ ወደ ቁምስናው ማንበብ እንደማይገባ ነው። ይህን ሥርዓት ካልያዝን የ1901ዱ ድንገተኛ ጥቃት ለምን በዚያ መልክ እንደተፈጸመ፣ ደወሎቹን ለማስመለስ የተደረገው ክርክርም ለምን እንዲያ እንደረዘመ አይገባንም።

ስፔናውያን ፊሊፒንስን ሲይዙ ሕዝቡ በወንዝ ዳርና በጫካ ውስጥ ተበታትኖ ይኖር ነበር። ግብር ለመሰብሰብም፣ ለማጥመቅም፣ ለማስተማርም የተበተነው መሰብሰብ ነበረበት። አዲሶቹ መንደሮች በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተቆረቆሩ፤ የዚህ አኗኗር ስምም «በደወል ሥር» የሚል ነበር። ድምፁ የሚሰማው ሰው ክርስቲያንና ገባር ነው፤ ከድምፁ ርቆ ተራራ የገባው ሸፍቷል ይባላል። እንግዲህ ደወሉ ሲጀመር ገር ዕቃ አልነበረም። የሰውን ቀን የሚከፋፍል፣ የአገዛዙን ወሰን የሚያሰምር መሣሪያ ነበር። ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል፤ የፊሊፒንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በሁለት ስለት የሚቆርጥ ነውና።

ነገር ግን በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ የተጫነ ነገር የራስ ይሆናል። ጠዋት ለቅዳሴ፣ ቀትር ላይ ለጸሎት፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ እንዲጸልይ፣ ሞት ሲሆን ለመርዶ፣ እሳት ሲነሣ ለጩኸት፣ ከደቡብ ደሴቶች ባሪያ ፈንጋዮች በመርከብ ሲመጡ ለማስጠንቀቂያ ያው ደወል ይደወላል። ሳማር በምትገኝበት በቪሳያስ ደሴቶች ጠረፍ ላይ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ግንባቸው የምሽግ ያህል የወፈረው፣ ማማቸውም ወደ ባሕር የሚያይ የሆነው ለዚህ ነው። ሳማር ላይ ስብከቱን በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጀመሩት ኢየሱሳውያን ነበሩ። በ1768 ከፊሊፒንስ ሲባረሩ ሥራው ለሌሎች ማኅበራት ተላለፈ፤ ኋላም ፍራንቸስካውያን ያዙት። ባላንጊጋ ረዘም ላለ ጊዜ የጊዋን ቁምስና ቅርንጫፍ ሆና ቄስ በየጊዜው እየመጣ የሚጎበኛት ነበረች፤ ራሷን ችላ ቁምስና የሆነችው በ1859 ነው። የራስ ቄስ፣ የራስ መዝገብ፣ የራስ ደወል ማግኘት ለእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ሰው መሆኗ የታወቀበት ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ደግሞም በካቶሊክ ሥርዓት ደወል እንዲሁ ተገዝቶ አይሰቀልም። እነዚህ ደወሎች በተሠሩበት ዘመን በነበረው ሥርዓት በጳጳሱ እጅ በተባረከ ውኃ ይታጠብ፣ በቅዱስ ዘይት ይቀባ፣ ይታጠን ነበር፤ ብዙ ጊዜም የቅዱስ ስም ይሰየምለት ነበር። ምእመናን ይህን «የደወል ጥምቀት» ይሉታል። ሊቃውንቱ ምሥጢረ ጥምቀት እንዳልሆነ ቢያስረዱም አነጋገሩ የሚያሳየው ስሜት እውነተኛ ነው። የተጠመቀ ነገር ሲማረክ የዕቃ ዘረፋ ብቻ አይሆንም።

ስፔንን በተካው የአሜሪካ አገዛዝ ዘመን፣ የአሜሪካ ዘጠነኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ምድብ «ሲ»፣ በካፒቴን ቶማስ ኮኔል መሪነት ባላንጊጋ የገባው ኦገስት 11 ቀን 1901 ነበር። የቅዱስ ሎሬንዞ በዓል ኦገስት 10 ይውላል፤ ወታደሮቹ የደረሱት እንግዲህ በከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ በዓል ማግስት ነው። ሰባ አራት ነበሩ። ተልእኳቸው ወደቡን ዘግቶ በጫካ ለሚዋጋው ለጄኔራል ቪሴንቴ ሉክባን ሠራዊት ስንቅ እንዳይደርስ ማድረግ ነበር። መኮንኖቹ የቄሱን ቤት ያዙ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተያያዘ ቤት ነው። መጀመሪያ ላይ ከሕዝቡ ጋር ይግባቡ ነበር። ኋላ ኮኔል ከተማው ይጽዳ ብሎ ወንዶቹን ሰብስቦ በጥቂት ድንኳኖች ውስጥ አጎራቸው፤ በቂ ቦታና ምግብ አልነበራቸውም። የሰዎች ሩዝ ለሽምቅ ተዋጊዎች ይውላል ተብሎ ተወሰደ፣ ጠፋም። ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ከማንኛውም ስድብ በላይ ይቆጥረዋል።

ዕቅዱን የመሩት የከተማው ሹም ፔድሮ አባያን፣ የፖሊስ አዛዡ ቫሌሪያኖ አባናዶርና የሉክባን መኮንን የነበረው ካፒቴን ኢዩጄኒዮ ዳሳ ናቸው። ቆሞሱ ዶናቶ ጊምባኦሊቦት በዚያ ጠዋት ከተማው ውስጥ አልነበሩም። በዋዜማው ሌሊት ሴቶች መስለው የለበሱ ሰዎች ትንንሽ የሬሳ ሣጥኖች ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ። በኮሌራ የሞቱ ሕፃናት ናቸው ተባለ። ሣጥኖቹ ውስጥ ቦሎ የሚባለው የአገሩ ገጀራ ነበረ። ጠዋት አባናዶር ዘብ ቆሞ የነበረውን ወታደር ጠመንጃ ነጥቆ መታው፤ ደወል ተደወለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያደፈጡት ወደ ቄሱ ቤት ሮጡ። በከተማዋ ትውፊት ብቸኛዋ ሴት ተካፋይ ካሲያና ናሲዮናሌስ መቁጠሪያዋን እያወዛወዘች ታደፋፍር እንደነበር ይነገራል። አርባ ስምንት አሜሪካውያን ሞቱ። ከከተማዋ ሰዎች ሃያ ስምንት ወደቁ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ብዙ ጸሐፊዎች የሬሳ ሣጥኑንና የቤተ ክርስቲያኑን ነገር የተንኮል ጥግ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ሌላ ነገር ይታየኛል። በደወል ሥር በተቆረቆረች ከተማ ሕዝብ ሊሰበሰብ የሚችልበት ሌላ ቦታ አልነበረም። ሰው ሁሉ ሳይጠረጠር የሚገባበት ቤት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ የሚታዘዘው ድምፅ የደወል ድምፅ ነው፤ በሌሊት ሴቶች እያለቀሱ ሊያልፉ የሚችሉበት ምክንያት የልጅ ቀብር ነው። አመፁ የተሸመነው ቁምስናው ለዘመናት ካስለመደው ሕይወት ክር ነው። ስፔናውያን ለመሰብሰብ የሠሩት መሣሪያ፣ በሌላ ገዥ ዘመን፣ የተሰበሰበው ሕዝብ የራሱ ድምፅ ሆኖ ወጣ። የተቀደሰውን ቦታ ደም ነካው፤ ይህን ማቃለል አይቻልም። ግን ቦታውን ቀድሞ የጦር ሰፈር ያደረገው ማን እንደነበረ መዘንጋትም አይገባም።

በማግስቱ አሜሪካዊው ካፒቴን ኤድዊን ቡክሚለር ከባሴይ በመርከብ መጥቶ የሞቱትን ቀበረና ከተማውን አቃጠለ። ከዚያ የመጣው የጄኔራል ጄከብ ስሚዝ ዘመቻ ነው። ስሚዝ ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነ፣ መሣሪያ ሊይዝ የሚችል ሁሉ እንዲገደል፣ የሳማርም ውስጠኛ ክፍል ምድረ በዳ እንዲሆን አዘዘ፤ በ1902 በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ የደረሰበት ወቀሳና ጡረታ ብቻ ነው። የሞተው ሕዝብ ቁጥር ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች እጅግ ተራርቀዋል፤ ከሁለት ሺህ ጥቂት ከፍ የሚያደርጉ አሉ፣ በዐሥር ሺዎች የሚቆጥሩም አሉ። ቆሞስ ጊምባኦሊቦት ታስረው በዚያን ጊዜ «የውኃ ሕክምና» በሚባለው፣ ሆድን በግድ ውኃ በመሙላት በሚፈጸመው ስቃይ አለፉ። የቁምስናውን ታሪክ ለሚጽፍ ይህ የቄሱ ስቃይ ከደወሎቹ መማረክ ጋር በአንድ ገጽ መስፈር አለበት፤ ባብዛኛው ግን የግርጌ ወሬ ሆኖ ቀርቷል።

«የባላንጊጋ ጭፍጨፋ» የሚለው ስምም የዚሁ መዛባት አካል ነው። በአሜሪካውያን መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ስሙ የተሰጠው ለአርባ ስምንቱ ሞት ነበር፤ ፊሊፒናውያን ደግሞ ስሙን አንሥተው በኋላ ለመጣው እልቂት ሰጡት። የከተማዋ ሰዎች የመረጡት «ግጥሚያ» ማለትን ነው፤ ሴፕቴምበር 28 ባላንጊጋ ባለችበት በምሥራቅ ሳማር ክፍለ ሀገር በዚሁ ስም ይከበራል። ለእኔ የሰዎቹ ምርጫ ከሁለቱም ወገን ምሁራን የተሻለ ነው፤ አባቶቻቸውን ተገዳይ ብቻ ወይም ገዳይ ብቻ አያደርግምና።

ሁለቱ ትልልቅ ደወሎች ከአሥራ አንደኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር በ1904 በአሜሪካ ወደምትገኘው ዋዮሚንግ፣ ሻየን ደረሱ። ዛሬ ዋረን የአየር ኃይል ሰፈር በሚባለው ቦታ፣ የድል ማስታወሻዎች በሚቀመጡበት ሜዳ፣ ቆሙ። ትንሹን ዘጠነኛው ክፍለ ጦር ይዞት ዞረ፤ መጨረሻው ደቡብ ኮሪያ ሆነ። ኢየሱሳዊው ታሪክ ጸሐፊ ሆራሲዮ ዴ ላ ኮስታ ይመለሱ ብለው በ1950ዎቹ ጽፈው ነበር። በ1990ዎቹ ፕሬዚደንት ፊደል ራሞስ የዋዮሚንጎቹን ሁለት ደወሎች ቅጂ አሠርቶ ለየአገሩ አንድ ዋናና አንድ ቅጂ የሚያደርስ አሳብ አቀረቡ። ለዲፕሎማት ጥሩ ስሌት ነው። ለቁምስና ግን አይሠራም፤ ቅጂ ደወል ሊደወል ይችል ይሆናል፣ አያቶች የሰሙትን ድምፅ ግን አይሰጥም። የቀድሞ ወታደሮች ተቃወሙ፤ የአሜሪካ ሕግም የወታደር መታሰቢያ የሆነ ዕቃ ያለ ልዩ ፈቃድ ለውጭ አገር እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር።

ተቃዋሚዎቹን በክፋት አልከስም። ለእነርሱ ደወሉ የአርባ ስምንት ሰው መቃብር ምልክት ነው። የሟች ዝምድና ክብር ይገባዋል። ሆኖም ክርክራቸው ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ላይ ይተከል ነበር፤ የትኛው ደወል ነው ለጥቃቱ የተደወለው? ትንሹ ነው ከተባለ ሁለቱ ትልልቆች ከምን ወንጀል ነው የታሰሩት? ጥያቄው ደወልን እንደ ተከሳሽ ያቆማል። የምእመናኑ መልስ ከዚያ የጠለቀ ነበር፤ የተደወለውም ያልተደወለውም የቤተ ክርስቲያናችን ነው አሉ።

በጁላይ 2017 ፕሬዚደንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ በዓመታዊ ንግግራቸው ደወሎቹን በይፋ ጠየቁ። የአሜሪካ ምክር ቤት ለ2018 በጀት ዓመት ባወጣው የመከላከያ ሕግ ለመመለሳቸው በሩ ተከፈተ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄምስ ማቲስም ውሳኔውን አጸኑ። ሦስቱ ደወሎች ዲሴምበር 11 ቀን 2018 በወታደራዊ አውሮፕላን ማኒላ ገቡ።

ከዚያ የመጣው ክርክር በጋዜጣ ብዙ ባይወራለትም ለኔ ከሁሉ የሚያስተምረው ነው። በፊሊፒንስ ሴኔት አንዱ ደወል ለብሔራዊ ሙዚየም ይሰጥ የሚል የውሳኔ አሳብ ቀረበ፤ የአገር ሁሉ ታሪክ ነው፣ ሁሉም ይየው ተባለ። ባላንጊጋ ያለችበት የቦሮንጋን ሀገረ ስብከት ተቃወመ። ደወሎቹ የቁምስና ንብረት፣ ለአምልኮ የተቀደሱ ናቸው፣ ቦታቸውም ማማው ነው አለ። ልብ እንበል፤ የራስ መንግሥትም ቢሆን ደወሉን ወደ መስታወት ሣጥን ሲወስደው ያው ደወሉን ከቤተ ክርስቲያኑ የሚነጥለው አነባበብ ይደገማል። ዋዮሚንግ ሜዳ ላይ የቆመው ደወልና ማኒላ አዳራሽ ውስጥ የሚቆመው ደወል ሁለቱም አይደወሉም።

ዲሴምበር 15 ደወሎቹ ባላንጊጋ ገቡ። በማግስቱ፣ ዲሴምበር 16፣ በመላው ፊሊፒንስ ከገና በፊት ያለው የዘጠኝ ቀን የንጋት ቅዳሴ ይጀምራል። ሕዝቡ ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሥቶ፣ ሕፃናቱን ታቅፎ፣ በደወል ተጠርቶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ጊዜ ነው።