«ቤን ሁር»ን በጆሮ ማየት

እዚህ ገዳሪፍ አካባቢ ባሉ ካምፖች ፊልም ሲታይ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ምን አለ? አሁን ምን አለ?» እንግሊዝኛ የገባው ለጎረቤቱ ይተረጉማል፤ ያልገባው ድብድቡ እስኪመጣ ይጠብቃል። ተዋናዮቹ ዝም ካሉማ ወሬ ይጀመራል። ትልቁ ነገር የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ያኔ ነው፣ በኦርኬስትራው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን «ቤን ሁር» ነው። ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ1959 እ.ኤ.አ. ወጥቶ 11 ኦስካር አግኝቷል። ከነዚህ አንዱ የሙዚቃው ደራሲ የሚክሎሽ ሮዣ ነው።

የናዝሬቱን ትዕይንት እንውሰድ። እስረኛው ቤን ሁር በውሃ ጥም ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ሮማዊው አለቃ ለእሱ ውሃ እንዳይሰጥ ከልክሏል። አንድ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ያጠጣዋል። ኢየሱስ ነው፤ በፊልሙ በሙሉ ፊቱ አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም። አለቃው ሊከለክል ይመጣና ፊቱን ሲያይ ቃል ጠፍቶት ወደ ኋላ ይላል። ምን አየ? እኛ የምናየው ጀርባ ብቻ ነው። ፊቱን የሚያሳየን ሙዚቃው ነው፦ ኦርጋንና ቫዮሊኖች ቀስ ብለው ይገባሉ፤ በዓቢይ ጾም በገና ስንሰማ እንደምንሆነው ዝም ያሰኙናል። በመጨረሻ ቤን ሁር በተራው መስቀል ለተሸከመው ሰው ውሃ ሊያጠጣ ሲሞክር ያ ዜማ ይመለሳል። ተርጓሚ አያስፈልግም፤ ሰውየውን በዜማው እናውቀዋለን።

የመርከቡም ትዕይንት እንደዚሁ ነው። ባሪያዎቹ በከበሮ ምት ይቀዝፋሉ፤ ምቱ ሲፈጥን ኦርኬስትራው አብሮ ይፈጥናል፣ የተመልካቹም ትንፋሽ አብሮ ይቆራረጣል። በሠረገላው ውድድር ላይ ግን ሙዚቃ የለም! ከሰልፉ በኋላ የሚሰማው ኮቴ፣ መንኮራኩርና የሕዝብ ጩኸት ብቻ ነው። መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ማወቅም ችሎታ ነው።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ሮማውያን በመጡ ቁጥር የሚነፋው መለከት ይሰለቻል። በፍቅሩ ትዕይንት ላይ ቫዮሊኖቹ ስኳር አብዝተዋል።

«ታዲያ ለስደተኛ ተማሪ ኦርኬስትራ ምን ይሠራለታል? ሒሳብና እንግሊዝኛ ይሻለዋል» የሚሉ መምህራን አሉ። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም ይቅር አላልኩም። ግን ይህን ሙዚቃ የሠሩት እነማን ናቸው? ሮዣ የሃንጋሪ ሰው ነው፤ ጦርነቱ ለንደን የጀመረውን ፊልም ወደ ሆሊውድ ሲያሻግረው በ1940 አብሮ ተሻገረ። ፍራንዝ ዋክስማን በ1934 በርሊን መንገድ ላይ በናዚዎች ተደብድቦ አገሩን ጥሎ ወጣ። ኤሪክ ኮርንጎልድ በ1938 ለ«ሮቢን ሁድ» ሙዚቃ ሆሊውድ ሳለ ናዚዎች አገሩን ኦስትሪያን ያዙ፤ መመለሻ አጣ። እኛ «የአሜሪካ ሙዚቃ» የምንለው በከፊል የስደተኞች ሥራ ነው።

ወደ ቤታችንም ብንመጣ ያው ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከእልቂት የተረፉ ነበሩ። በአዲስ አበባ ዘመናዊ የነፋስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመኑን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ስለዚህ መምህራን ጓደኞቼ፣ ላፕቶፕና ቻርጅ ባገኛችሁ ቀን የናዝሬቱን ትዕይንት ሁለቴ አሳዩ፤ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ቀጥሎ ከፍታችሁ። ከዚያ «ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ የማይችለው ልጅ ያን ቀን ለጎረቤቱ ተርጓሚ ሊሆን ይችላል።

መልካም የትምህርት ጊዜ!