ደራሲውን ምን እንጠይቀው?
ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን በ1958 ዓ.ም.፥ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አሳተሙ። የሁለቱም ባለታሪክ አንድ ንጉሥ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን መግደላቸው የታወቀ ነው፤ በልባቸው ያሰቡትን ግን የሚሞላው ደራሲው ነው። ስለዚህ ደራሲውን አልነቅፈውም፤ ያለዚያማ ልብ ወለድ ከየት ይመጣል? የምነቅፈው አንባቢውን ነው። በወመዘክር የመጽሐፍ ውይይት ላይ ወጣቶች ደራሲ ከበው ፊርማ ሲለምኑ አያለሁ (ፊርማውም ብዙ ጊዜ አይነበብም)። «ይህን ንግግር ከዜና መዋዕል አገኙት ወይስ ከራስዎ ነው?» የሚል ግን ጥቂት ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ብርሃኑና አቤ ዐርፈዋል፤ በፊትህ የተቀመጠውን ግን ጠይቀው። «ከራሴ ነው» ቢልህ መጽሐፉን በደስታ ግዛ። «ሁሉም ታሪክ ነው» ብሎ ቢያልፍህ አስቀድመህ የአለቃ ወልደ ማርያምን ዜና መዋዕል አንብብ።