የሰምና ወርቅ ቁልፍ

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ያሳተመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። መንዝ ድረስ ዘልቆ ከገበሬው ጋር የከረመን ሰው በዋዛ መንቀፍ አይገባም። ሆኖም ከቅኔ ቤት ያገኛትን አንዲት ዘይቤ የአማራው ጠባይ ሁሉ መክፈቻ ቁልፍ ሲያደርጋት አብሮ መዝለቅ ያስቸግራል።

ለመሆኑ ድርብ ትርጉሙ ከየት ይመጣል? ገሚሱ ከራሱ ከቋንቋው ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ይሆናል፤ «ገና»ም ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ያልደረሰ ነገር። ባለቅኔው ቀዳዳዋን አይቶ ገባባት እንጂ አልፈጠራትም። (በቃል የሚነገረውማ ሌላ ጉድ አለው፤ ሁለት ቃላት ሲጋጠሙ ሦስተኛ ይወልዳሉ።)

የቀረው የኑሮ ነው። ጌታን ፊት ለፊት መንቀፍ በሚያስቀጣበት ዘመን አዝማሪው ነቀፌታውን በሙገሳ ጠቅልሎ ያቀርባል። ይህን ሌቪንም አይቷል፤ አሳምሮም ጽፎታል። እኔ ግን ሽፍንፍኑን ንግግር የሕዝብ ባሕርይ ከምለው፣ ለአንድ ዓይነት አድማጭ የተበጀ መሣሪያ ብለው ይሻለኛል። አድማጩ ሲለወጥ አነጋገሩም ይለወጣላ! ያው ሰው ጥንት ችሎት ሲቆም፣ «በላ ልበልሃ» ብሎ በግጥም ይጀምር እንጂ፣ ባላጋራውን በተጠየቅ አፋጦ ቁርጥ ያለ መልስ ይሻ ነበር። ገበያ ወጥቶ ስለ በሬው ዋጋ ሲከራከር ወርቁን በሰም አይሸፍንም። ወሰን ሲያካልልማ ድንጋዩን በጣቱ እያመለከተ ነው።