የማይቀልጥ ሰም፦ ስለ ዕቃውና ስለ መጠቅለያው

በጁባ የዝናቡ ወራት ከገባ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሙኑኪ ሠፈር ወደሚገኝ የአንዲት ወገናችን ምግብ ቤት ቡና ልጠጣ ጎራ አልሁ። የቤቱ እመቤት ከኮኞ ኮኞ ገበያ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝተው ኖሮ፣ ሁለት ጎረምሶች ትልቁን ካርቶን መሬት ላይ አቁመው ማሸጊያውን ለመገንጠል ይጣደፋሉ። «ኧረ ልጆች፣ ካርቶኑን እንዳትቀዱብኝ!» አሉ እመቤቲቱ ከማድ ቤት ብቅ ብለው። «ምን ያደርግልዎታል፣ እትዬ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አገሬ ስገባ ይዤው የምገባበት ነዋ!» ሲሉ መለሱልኝ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሣጥኑም ተከፈተ።

ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል ድረስ ከሣጥኑ የሚወጣውን ነገር በዓይኔ እከተል ነበር። ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ መስታወቱን አቅፈው የያዙ ነጫጭ ፎሞች፤ በላዩ የተነጠፈ ስስ ፎም፤ ሁሉንም የሸፈነ ትልቅ ላስቲክ። ሬሞቱ በራሱ ላስቲክ፣ የሬሞቱ ባትሪዎች በራሳቸው፣ ሁለቱ እግሮች ለየብቻቸው፣ ብሎኖቹም እንዲሁ። የመመሪያው ጽሑፍ እንኳ ላስቲክ ለብሷል። ገመዱ በሽቦ ታስሯል፤ እርጥበት የምትመጥ «አትብሉ» የምትል ትንሽ ከረጢትም በአንድ ጥግ ተወሽቃለች። አንድ ዕቃ ተገዛ፤ ከዐሥር በላይ ነገር ተጣለ። ቡና የምታፈላው ልጅ ከውስጥ የተረፈችውን ቁራጭ ካርቶን ለከሰሏ ማራገቢያ አደረገቻት። ካርቶኑ በእመቤቲቱ ትእዛዝ ተጣጥፎ ከአልጋ ሥር ገባ። ፎሙና ላስቲኩ ግን ከአጥሩ ውጪ ተጣለ፤ አመሻሽ ላይ የሠፈሩ ልጆች ከሌላው ቆሻሻ ጋር አቀጣጠሉት። ጥቁር ጭሱም አዲሱን ቴሌቪዥን ለማየት በተሰበሰብንበት በር በኩል ገባ።

በዚህ ዐምድ የምንሄሰው መጽሐፍ፣ ሥዕል ወይም ተውኔት ነው። ዛሬ ግን ሣጥን ልሄስ ተነሥቻለሁ። ማሸጊያም እንደ ማንኛውም ድርሰት ደራሲ አለው፤ ስልት አለው፤ በልቡ ያሰበው አንባቢም አለው። ስለዚህ ማን ጻፈው፣ ለማንስ ጻፈው፣ መጨረሻውስ እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ጁባ የሚደርሰው ዕቃ አብዛኛው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ፣ በካምፓላና በኒሙሌ በኩል ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ በከባድ መኪና ተጉዞ ነው የሚመጣው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ አስፋልት የሆነው በ2012 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። እንዲህ ባለው ጉዞ፣ በጫኝና አውራጅ እጅ ስንት ጊዜ የሚወረወር ዕቃ መከለያ ያስፈልገዋል። በመንገድ ተሰብሮ የሚደርስ ቴሌቪዥን ከማንኛውም ፎም የባሰ ብክነት መሆኑን አልክድም። ተቃውሞዬ በመከለያው ላይ ሳይሆን ከመከለያው በተረፈው ላይ ነው።

አሁን ሣጥኑን እናንብበው። ጎኑ ላይ ጃንጥላ ተሥሏል፤ «ከዝናብ ጠብቁኝ» ይላል። የወይን ብርጭቆ ተሥሏል፤ «ተሰባሪ ነኝ» ይላል። እነዚህ ሁለቱ ለተሸካሚው የተጻፉ ናቸው፤ የጁባም ተሸካሚ ይረዳቸዋል። ቀጥሎ ያሉት ምልክቶች ግን ለሌላ ሰው የተጻፉ ናቸው። እርስ በርስ የሚከታተሉት ሦስት ቀስቶች በ1970 ጌሪ አንደርሰን የተባለ የ23 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ፣ አንድ የካርቶን አምራች ኩባንያ ባዘጋጀው ውድድር አሸንፎ የሣላቸው ናቸው፤ ዕቃው ተመልሶ ወደ ሥራ ሊገባ እንደሚችል ያመለክታሉ። እንደ ቀለበት የተጠላለፉት ሁለት ቀስቶች ደግሞ ከ1991 የጀርመን የማሸጊያ ደንብ ጋር ተያይዘው የታወቁ ናቸው። ብዙ ሰው «ይህ ማሸጊያ እንደገና ይሠራል» የሚሉ ይመስለዋል፤ ትርጉማቸው ግን አምራቹ ለማሸጊያው መሰብሰቢያ የሚሆን ገንዘብ ከፍሏል ማለት ነው። ክፍያው እዚያው አውሮፓ ለሚሸጠው ዕቃ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ምልክቱ ብቻ ነው። በመጨረሻም በመስቀል የተሰረዘው የቆሻሻ ገንዳ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 በሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ የተጠየቀ ምልክት ሲሆን፣ «ይህን ዕቃ ከተራ ቆሻሻ ጋር አትጣሉ» ይላል። በሠፈራችን ያልተሰረዘው ገንዳ ራሱ የለም! መስቀሉ የተሰረዘበት ነገር በሌለበት አገር መስቀሉን ምን ብለን እናንብበው?

የዚህ ድርሰት ዋነኛ ጉድለት ይህ ይመስለኛል። ሣጥኑ የተደረሰው በየሳምንቱ የቆሻሻ መኪና በሩ ላይ ለሚቆምለት አንባቢ ነው። በዚያ ከተማ ፎሙ ሲጣል ታሪኩ አያበቃም፤ የሚሰበስበው፣ የሚለየው፣ የሚያቀልጠው ሌላ እጅ አለ። ያ እጅ የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ወደ ጁባ የተላከልን መጽሐፍ ያን ምዕራፍ ተገንጥሎ ነው የደረሰን፤ ዋጋውን ግን እኛም ሙሉ ከፍለናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የውበቱ ጉዳይ ነው። ውድ የሆኑ ስልኮች ሣጥን ክዳኑ ሲነሣ ቀስ ብሎ፣ አየር እየሳበ እንዲንሸራተት ሆን ተብሎ የተለካ ነው። ወፍራም ካርቶን፣ ከላዩ የሚያንጸባርቅ ስስ ላስቲክ የተለበጠበት፣ አንዳንዴም ማግኔት የተቀበረበት፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ደስታ ነው። ደስታውን አላናንቅም። ብዙዎቻችን የሬሞቱን ላስቲክ ሳንልጥ ዓመታት እንቈያለን፤ የፍሪጁ ተለጣፊ ጽሑፍ በርቀት እስኪታይ እንተወዋለን፤ የስልኩን ባዶ ሣጥን ቁም ሣጥን ላይ እንደ ዲፕሎማ እናስቀምጣለን። ሣጥኑ ለእኛ የአዲስነት ምስክር ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ «ካርቶኑ ያልተከፈተ» ሲል ዋጋው ይጨምራል።

ምስክሩ ግን ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። በንግድ ዓለም ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ ስልክ በሻንጣ የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ቦታና ክብደት ለመቈጠብ ስልኩን ለብቻው፣ ሣጥኑንም ጠፍጥፈው ለብቻው ይዘው ይጓዛሉ፤ ከገበያው ሲደርሱ መልሰው ያገናኟቸዋል። ስልኩ ያለ ሣጥኑ ባሕር ተሻግሮ በደኅና ደረሰ ማለት ነው። እንግዲያውስ ሣጥኑ ምን ሊጠብቅ መጣ? አስመስሎ የተሠራውም ስልክ ከእውነተኛው የማይለይ ሣጥን አለው፤ ከስልኩ ይልቅ ሣጥኑን አስመስሎ መሥራት ይቀላልና። በሣጥኑ የሚያምን ገዢ ከሁሉ በቀላሉ የሚታለለው ገዢ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን የመጠቅለል ጥበብ ማስታወስ ደግ ነው። የብራና መጽሐፍ ማኅደር አለው፤ ከቆዳ የተሰፋ፣ በጠፍር የሚንጠለጠል፣ መጽሐፉን ከዝናብና ከአይጥ የሚጠብቅ፣ ከጸሐፊው ዕድሜ በላይ የሚኖር። ስንቅ አገልግል አለው፤ ስፌቱ ቆዳ ለብሶ መንገደኛውን ሄዶ እስኪመለስ ያገለግለዋል፤ ደግሞም ለልጁ ይተርፋል። ድፎ ዳቦ ኮባ ይለብሳል፤ ቅጠሉም ሥራውን ሲጨርስ ወደ አፈር ይመለሳል። ማሸጊያ ወይ ከዕቃው ጋር ይኖራል፣ ወይ ከዕቃው በፊት አፈር ይሆናል። ከሁለቱ ውጪ የሆነ ሦስተኛ ዓይነት አያቶቻችን አልሠሩም።

አንጥረኛውም ይህንኑ ያስተምረናል። የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ቅኔያችን ስሙን የወሰደው ከዚህ ሥራ ነው። ሰሙ ለወርቁ ቦታ ሊለቅ የተፈጠረ ነው፤ አልለቅም ካለ ግን ሥራው ተበላሸ። የቴሌቪዥኑ ፎም የማይቀልጥ ሰም ነው። ከይዘቱ 98 በመቶ ያህሉ አየር ነው ይባላል፤ አየር ጭነን ከሞምባሳ አመጣን ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ከተረሳ በኋላ ግን የፎሙ ፍርፋሪ በፈሳሹ ጥግ፣ በሣሩ ሥር፣ በባሕር ኤል ጀበል ዳር አለ።

ያለፈውን ዘመን እያሞገስሁ ግን አልቀርም። አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠራው ተአምር፣ ቆርቆሮው ምጣድ፣ በርሜሉ ምድጃ ሲሆን፣ ከበጎነት ብቻ ሳይሆን ከችግር የተወለደ ነው። ቆራሌውም በየሠፈሩ እየጮኸ ጠርሙስና ብረት የሚለቅመው ስለ ተፈጥሮ ሲል ሳይሆን ለልጆቹ እንጀራ ነው። ፎም ግን ቆራሌውም አይገዛውም፤ የሚገዛው አጥቷልና። የድሀ ብልሃት እንኳ አሸንፎ የማይወጣው ቆሻሻ ሲገኝ ጥፋቱን በድሀው ላይ መጫን አይቻልም።

እመቤቲቱንም እዚህ ላይ ላስብ። «አገሬ ስገባ» ያሉት ለቀልድ ብቻ አይደለም። ጁባ ለብዙዎቻችን ከ2005 የሰላም ስምምነት ወዲህ የመጣንባት የእንጀራ አገር ናት፤ በውኃ ቦቴ፣ በሆቴል፣ በሱቅ ሥራ ተሠማርተን እንኖርባታለን። በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 የተኩስ ድምፅ ሲሰማ፣ ምን ይዞ መሄድ እንደሚቻል ያሰበ ሰው የካርቶንን ጥቅም ያውቃል። ከአልጋ ሥር ያለው ካርቶን ስደተኛው ሻንጣውን እንዳልፈታ ይናገራል። እንግዲህ ካርቶኑ አገልግል ሆኗል፤ እኔም በእርሱ ላይ ክስ የለኝም። ክሴ ለምንም የማይሆነው ላይ ነው፤ ፎሙ ላይ፣ ላስቲክ በላስቲኩ ላይ፣ ውበት ለብሶ በመጣው ከንቱ ላይ።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? አፕል ኩባንያ በጥቅምት 2020 ቻርጀሩን ከስልኩ ሣጥን አውጥቶ ሣጥኑን አሳነሰው፤ በአንድ ጭነት ላይ እስከ 70 በመቶ የሚበልጥ ሣጥን መደርደር ይቻላልም አለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ቻርጀር የሌለው ገዢ ቻርጀሩን በሌላ ሣጥን ለብቻው ገዛ። ብራዚልም በ2022 ኩባንያውን ከ12 ሚሊዮን ሪያል በላይ ቀጣችው። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ስልኮች ሁሉ አንድ ዓይነት የቻርጀር መሰኪያ እንዲኖራቸው አስገድዷል፤ በ2025 የጸናው የማሸጊያ ደንቡም በመላኪያ ሣጥኖች ውስጥ ለሚተወው ባዶ ቦታ ከ2030 ጀምሮ ወሰን ያበጃል።

ወደ ሠፈራችን ስንመለስ፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 ፌስታልን ከልክለዋል፤ የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2025 ተመሳሳይ አዋጅ አጽድቋል። ሁሉም መልካም ነው። ይሁንና ፌስታል የሽንኩርትና የቲማቲም፣ ማለትም የድሀ መጠቅለያ ነው። ፎሙ ግን ከባለጸጋው ዕቃ ጋር ተቃቅፎ ስለሚመጣ በጉምሩክ በር «ወዴት ነህ?» የሚለው የለም። ኬንያ በ2022 ባወጣችው የቆሻሻ አያያዝ ሕግ አምራቹና አስመጪው ለሸቀጡ መጨረሻ ጭምር እንዲጠየቁ ደንግጋለች። ሞምባሳን እያቋረጠ ወደ እኛ የሚያልፈው ጭነት ግን መጨረሻው እዚህ ነውና፣ ጥያቄውም እዚህ መነሣት አለበት።

ቆሻሻ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። በመጋቢት 2017 በአዲስ አበባ የረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር በደሳሳ ጎጆ የሚኖሩ ነበሩ። ያ ክምር በአንድ ቀን አልተሠራም። እያንዳንዱ ቤት «ትንሽ ነው» ብሎ የጣለው ነው።

ጁባ ገና ወጣት ከተማ ናት፤ ክምሯም ገና ወጣት ነው። በገበያዎቿ ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጡት መካከል የእኛው ሰዎች አሉ። ነጋዴው ዕቃውን ገዢው ፊት ከፍቶ ሲያሳይ (መቼም ሳያይ የሚገዛ የለም) ፎሙን እዚያው ቢያስቀር፣ ባዶ የሚመለሱት መኪኖች ወደመጣበት ሊጭኑት ይችላሉ፤ ከጁባ ወደ ደቡብ የሚመለስ መኪና ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነውና። አየር ጭኖ የመጣ፣ አየር ጭኖ ቢመለስ ምን ይጎድልበታል? ገዢውም «ካርቶኑ ያልተከፈተ» ማለቱን ትቶ፣ «ስንት ዓመት ያገለግላል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ብሎ ቢጠይቅ የሣጥኑ ደራሲ ውሎ አድሮ ይሰማዋል። በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተቈጥሯል፤ ተሰብስቦ እንደገና መሠራቱ የተመዘገበው ከሩቡ ያነሰ ነው። ዛሬ ፎሙን የጣልንበት ቦታ ነገ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይከተለዋል።

በሳምንቱ ወደዚያው ምግብ ቤት ስመለስ ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። በበሩ ፊት ከሚወርደው ጎርፍ ዳር አንድ ሕፃን ከእሳቱ የተረፈች የፎም ቁራጭ ጀልባ አድርጎ ይለቃል፤ ወደ ወንዙ አቅጣጫም ትሄዳለች። እመቤቲቱ በሩ ላይ ቆመው ጀልባዋን ሲያዩ ቈዩና፣ «ይቺ እንኳ ከእኔ ቀድማ አገሯ ልትገባ ነው» አሉ። የነጭ ዓባይ ውኃ ግን ወደ ሰሜን ነው የሚወርደው፤ ፎሟ ወደ ተሠራችበት አገር አትደርስም። እኛው ዘንድ ትቀራለች።